ዕርዳታ የሕዝብ መደራጀት ደጋፊ እንጂ ምትክ አይደለም

አንድ ሕዝብ ችግሩን ከሥሩ ሊነቅል የሚችለው በቅድሚያ ራሱ ሲደራጅ ነው። ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ፣ ዕውቀትና መሣሪያ ለተደራጀ ሕዝብ ደጋፊ በሚሆንበት ጊዜ ፍሬ ያፈራል፤ በመደራጀት ምትክ ሊቆም በሚሞክርበት ጊዜ ግን በጀቱ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ለዚህ እውነት ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዲላ በስተደቡብ ወደ ይርጋጨፌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ወናጎና በዙሪያዋ ያለው የጌዴኦ ምድር በቂ ትምህርት ይሰጡናል። የዛሬው ጽሑፋችንም የሚያተኩረው መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች በውጭ ገንዘብ በሚያካሂዷቸው ፕሮጀክቶች «የባለድርሻ አካላት ትስስር» እያሉ በሚጠሩት አሠራር ላይ ነው።

ጥያቄያችን አንድ ነው። ትስስሩ የሚዘረጋው ሕዝቡ በገዛ ጉዳዩ ላይ እንዲወስን ነው ወይስ ለለጋሹ የሚላከው ሪፖርት እንዲሞላ?

በመጀመሪያ አሠራሩን ከነባሕርዩ መረዳት ያስፈልጋል። ለጋሽ መንግሥታትና ድርጅቶች ገንዘብ ከመስጠታቸው አስቀድሞ ውድድር ያወጣሉ። ተወዳዳሪው ከሚያቀርበው የፕሮጀክት ሐሳብ ጋር ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ወገኖች ዝርዝር፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የተጻፉ የድጋፍ ደብዳቤዎችንና የትብብር ሰነዶችን እንዲያያይዝ ይጠየቃል። ውድድሩን የሚያሸንፈው ብዙውን ጊዜ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በውጭ አገር የሚገኝ ትልቅ ድርጅት ነው። እርሱ በአዲስ አበባ ካለ ድርጅት ጋር ይዋዋላል፤ የአዲስ አበባው በዞንና በወረዳ ከሚሠራ ድርጅት ጋር ይዋዋላል፤ የወረዳውም በበኩሉ ከቀበሌው፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ ከዕድሩና ከሃይማኖት ተቋማቱ ሰዎች አውጣጥቶ ኮሚቴ ያቋቁማል። ገንዘቡ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ በየደረጃው የአስተዳደር ወጪ እየተነሣለት ይመጣል። ሪፖርቱም ከታች ወደ ላይ ሲወጣ የገበሬው ድምፅ በየደረጃው እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ የተሰብሳቢዎች ቁጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ስንል ትስስር በራሱ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ሕዝብ የኅብረትን ጥቅም ከማንም የተማረው አይደለም። በ1965 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ረኃብ በጠናበት ወቅት 13 የሃይማኖትና የዕርዳታ ድርጅቶች በየፊናቸው ከመሮጥ ይልቅ ተሰባስበው ሲአርዲኤ በሚል አጠራር የሚታወቀውን የክርስቲያን ዕርዳታና ልማት ማኅበር መሠረቱ። በተከታዩ ዓመትም የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሁለቱም የተፈጠሩት አንዱ መንደር ሦስት ጊዜ ሲረዳ ሌላው ፈጽሞ እንዳይረሳ፣ እህሉና መድኃኒቱ በአንድ ዕቅድ እንዲመራ ከማስፈለጉ የተነሣ ነው። የድርጅቶቹ ኅብረት ከሃምሳ ዓመታት በላይ ሊዘልቅ የቻለው ለአንድ ፕሮጀክት ዕድሜ ሳይሆን ለዘላቂ ዓላማ በመቆሙ ነው።

ትስስር በትክክል ሲመራ ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ለመገንዘብ የወናጎ ገበሬ ለቅሞ ለመፈልፈያ ጣቢያ ከሚያስረክበው እሸት ቡና የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የወናጎ ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው «ይርጋጨፌ» በሚለው ስም ነው። ስሙ የተከበረ ሆኖ ሳለ ከስሙ የሚገኘው ትርፍ ግን በአብዛኛው ቡናውን ቆልተውና አሽገው በሚሸጡ የውጭ ኩባንያዎች እጅ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሣ። ላይት ይርስ አይፒ የተባለ መቀመጫውን በዋሽንግተን ያደረገ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የሙያ ምክር ሰጠ፤ የያኔው የእንግሊዝ መንግሥት የዓለም አቀፍ ልማት መሥሪያ ቤት በገንዘብ ረዳ፤ አንድ የአሜሪካ የጥብቅና ድርጅትም ያለ ክፍያ አገለገለ። በአገር ውስጥ ደግሞ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ ቡና ላኪዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተወከሉበት የባለድርሻዎች ኮሚቴ ተቋቋመ።

ትግሉ ቀላል አልነበረም። ማመልከቻው እ.ኤ.አ. በ2005 ለአሜሪካ የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት ሲቀርብ ይርጋጨፌ ብዙ ሳይቆይ ተቀባይነት አገኘ፤ በሐረርና በሲዳሞ ላይ ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃውሞውን አሰማ። ስታርባክስ የተባለው ኩባንያም «ሲዳሞ» የሚለው ቃል ያለበትን ምልክት አስቀድሞ በራሱ ስም ለማስመዝገብ ጠይቆ ነበር። በጥቅምት ወር 1999 ዓ.ም. ኦክስፋም ጉዳዩን ለዓለም ሕዝብ ሲያሳውቅ ከ90,000 የሚበልጡ ሰዎች ለኩባንያው አቤቱታ አቀረቡ። በሰኔ ወር 1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ።

ከዚህ ድል የምንቀስመው ትምህርት በጉልህ ሊሰመርበት ይገባል። የውጭው ድርጅት አማካሪ ነበር እንጂ ባለቤት አልነበረም። ገንዘብ የሰጠው ገንዘብ ሰጠ፤ ሕግ የሚያውቀው በሕግ ተከራከረ፤ ድምፅ ማሰማት የሚችለው ድምፅ አሰማ። ምልክቱ የተመዘገበው ግን በኢትዮጵያ መንግሥት ስም ነው። ከዚህም የተነሣ የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅና አማካሪዎቹ ወደየአገራቸው ሲመለሱ የይርጋጨፌ ስም አብሯቸው አልሄደም። ትስስሩ የተመዘነው በጠራቸው ስብሰባዎች ብዛት ሳይሆን በአገር እጅ ባስቀረው ንብረት ነው።

ይሁንና ድሉ የቱ ላይ እንደቆመም መመርመር አለብን። ለውጭ ኩባንያዎች በስሙ የመጠቀም ፈቃድ የተሰጠው ያለ ክፍያ ነበር፤ የታሰበው በቅድሚያ ስሙን ማስከበርና ገበያውን ማስፋት ነበርና። ስለዚህ ምልክቱ መመዝገቡ ብቻ በወናጎ መፈልፈያ ጣቢያ የእሸት ቡናን ዋጋ ሊያንር አይችልም። በ2001 ዓ.ም. የቡና ንግድ ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ ደግሞ በነጋዴ በኩል የሚሸጠው ቡና በየደረጃው እየተቀላቀለ የወጣበትን ጣቢያ ስም አጣ። ስሙን ጠብቆ በቀጥታ ወደ ውጭ የመላክ ዕድል የነበረው በኅብረት ሥራ ማኅበር ታቅፎ ምርቱን በዩኒየን በኩል የሚያቀርበው ገበሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ጠቀሜታም በዚህ ይገለጻል። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን የተገኘ ድል ወደ ገበሬው ደጃፍ የሚደርሰው የተደራጀ ክንድ ሲቀበለው ብቻ ነው።

ከገበያ ወደ መከራ ዘመን እንለፍ። በሚያዝያና በሰኔ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተፈጠረው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀየው ተፈናቀለ። በዲላና በቡሌ ሆራ የአስቸኳይ ጊዜ ማስተባበሪያ ማዕከላት ተቋቁመው የመንግሥት አካላት፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሥራቸውን ማቀናጀት ጀመሩ። ያለ እነርሱ እህል፣ ድንኳን፣ ውሃና መድኃኒት ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ሊደርስ አይችልም ነበር። ይህን መካድ ምስጋና ቢስነት ነው።

ነገር ግን የማስተባበሪያው ጽሕፈት ቤት ከመከፈቱና የመጀመሪያው ጭነት ከመድረሱ በፊት ተፈናቃዩን ማን ተቀበለው? ዘመድና ጎረቤት ቤቱን ከፈተ፤ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ መጠለያ ሆነ፤ ቆጮውን ለሁለት የከፈለ ቤተሰብ ነበር። ይህ ሁሉ ሲደረግ የትብብር ሰነድ የፈረመ፣ የውሎ አበል የጠየቀም አልነበረም። የጌዴኦ ሕዝብ የመንደሩን ጉዳይ የሚመክርበት ሶንጎ፣ ከጉጂ ወንድሞቹ ጋር ደም ሲቃባ የሚታረቅበት ጎንዶሮ ከማንኛውም ፕሮጀክት በዕድሜ ይልቃሉ። በሰነድ ላይ «ባለድርሻ» ተብሎ በመጨረሻው ረድፍ የሚጻፈው ይህ ሕዝብ በመከራ ቀን ግን በመጀመሪያው ረድፍ የሚገኝ ነው። የነገሩ መዛባት እዚህ ላይ ነው።

ዓለም አቀፉ የዕርዳታ ማኅበርም ይህን መዛባት ራሱ አምኗል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. በኢስታንቡል በተደረገው የዓለም የሰብዓዊ ዕርዳታ ጉባኤ ታላላቅ ለጋሾችና ድርጅቶች ከሰብዓዊ ዕርዳታው ገንዘብ 25 በመቶው እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር በቀል ተቋማት እንዲደርስ ተስማምተው ነበር። ቀኑ ደረሰ፤ አለፈም። በቀጥታ የደረሰው ግን ከ5 በመቶ በታች ሆኖ ቀረ። በጉባኤ አዳራሽ የተገባ ቃል ከታች የሚጠይቀው የተደራጀ ኃይል ከሌለ በወረቀት ላይ የሚቀር መሆኑ ከዚህ በላይ በምን ይገለጻል?

የጥገኝነት አደጋ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ፊት ለፊት ታየ። በጥር 12 ቀን የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ልማት ዕርዳታውን ለ90 ቀናት አገደ፤ በሰኔ 24 ቀን ዩኤስኤይድ የተባለው የዕርዳታ ድርጅቱ በይፋ ሥራውን አቆመ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉት የዚህ ዕርዳታ ዋና ተቀባዮች አንዷ ነበረች። በዚሁ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ውሳኔው ሲተላለፍ ባለድርሻ ተብለው በዝርዝር ከሰፈሩት የገጠር ቀበሌዎች መካከል የተጠየቀ አልነበረም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይህ ነው። በአንድ ፊርማ የሚበጠስ ትስስር የሕዝቡ ትስስር አልነበረም ማለት ነው፤ ሕዝቡ ራሱ ያቋቋመው ዕድር ግን በዋሽንግተን ውሳኔ አልፈረሰም።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ያለፈውን ለመቁጠር ብቻ አይደለም። በጌዴኦ ምድር ላይ አዲስ የፕሮጀክት ማዕበል ሊመጣ የሚችልባቸው ሁለት ምክንያቶች ከፊታችን አሉ።

አንደኛው፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ነው። በተራራው ወገብ ላይ እንሰቱን፣ ቡናውንና የጥላ ዛፉን በአንድ ማሳ አጣጥሞ ያቆየው፣ አፈሩ እንዳይሸረሸር የጠበቀው ገበሬው ነው። ቅርሱን ለመጠበቅ በሚል የሚመጣ ማንኛውም ፕሮጀክት የቅርሱን ፈጣሪ እንደ ተመልካች ሊያየው አይገባም።

ሁለተኛው፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚከለክል ደንብ ነው። ደንቡ ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ባልለማ ማሳ ላይ የበቀለ መሆኑ እንዲረጋገጥ ያዝዛል፤ ለዚህም የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ መመዝገብ አለበት። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ደጋግሞ ቢራዘምም ግዴታው አልቀረም። ማሳውን ለመመዝገብ ገንዘብ፣ መሣሪያና ባለሙያ ያስፈልጋል፤ በውጭ ገንዘብ የሚመጡ ፕሮጀክቶችም ለዚህ ሥራ ይፈለጋሉ። እዚህ ላይ ነው ንቃት የሚያስፈልገው። የገበሬው ስም፣ የማሳው ስፋትና መገኛው የተጻፈበት መዝገብ በማን እጅ ይቀመጣል? ፕሮጀክቱ ሲያበቃ መዝገቡ ከድርጅቱ ጋር ከሄደ ወይም ለአንድ ገዢ ኩባንያ ብቻ ከተሰጠ፣ ገበሬው የገዛ ማሳውን ማስረጃ ከሌላ የሚለምን፣ ለሌላ ገዢ መሸጥ ሲፈልግም እጁ የታሰረ ይሆናል። የይርጋጨፌ ስም በአገር እጅ እንደቀረ ሁሉ የማሳው መዝገብም በኅብረት ሥራ ማኅበሩ እጅ መቅረት አለበት።

የሕጉ ሁኔታም ከቀድሞው የተሻለ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳዮች ላይ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ክልከላ አንሥቶ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። ሕግ ግን የሚጠይቅ ሰው ሲያገኝ ነው የሚሠራው። በወረቀት ላይ ያለውን ገደብ በቀበሌ አዳራሽ ውስጥ የሚያስከብረው ተራው አባል ነው።

እንግዲህ የቀበሌ ነዋሪዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች አንድ ፕሮጀክት ወደ አካባቢያቸው ሲመጣ ሊይዟቸው የሚገቡ ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ምክክር የሚባለው ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት የሚደረገው ነው። ገንዘቡ ከተፈቀደ፣ ዕቅዱ ከታተመ በኋላ ለምረቃ መጠራት ምክክር አይደለም። የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈርም የቀበሌም ሆነ የማኅበር ኃላፊ አስቀድሞ አባላቱን ሰብስቦ ያማክር።

ሁለተኛ፣ በኮሚቴው ውስጥ የሕዝቡ ተወካይ የሚወስን ድምፅ ይኑረው። ቃለ ጉባኤው በጌዴኡፋና በአማርኛ ይጻፍ፤ አንድ ቅጂ በማኅበሩ መዝገብ ቤት ይቀመጥ። ተወካዩም የተነጋገረውን ተመልሶ ለአባላቱ የማስረዳት ግዴታ ይኑርበት።

ሦስተኛ፣ ለአካባቢው የተመደበው በጀትና አከፋፈሉ በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ስንቱ ለሥራው፣ ስንቱ ለተሽከርካሪና ለሆቴል፣ ስንቱ ለደመወዝ እንደዋለ ማወቅ ልመና ሳይሆን መብት ነው።

አራተኛ፣ የባለድርሻዎች ዝርዝር በእውነት የሚመለከታቸውን ሁሉ ያካትት። በመጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች፣ በመፈልፈያ ጣቢያ ለወቅቱ የሚቀጠሩ የቀን ሠራተኞች፣ ጫኝና አውራጆች በቡናው ጉዳይ ድርሻ አላቸው። ስለ ቡና የሚመክር ጉባኤ እነርሱን ሳይጠራ «ሁሉም ተሳትፏል» ብሎ ሊጽፍ አይገባውም።

አምስተኛ፣ የመውጫው ነገር በመግቢያው ቀን ይነገር። የውሃ ማውጫው ፓምፕ ቢሰበር መለዋወጫውን ማን ይገዛል? ከምን ገንዘብ? ቁልፉስ በማን እጅ ይሆናል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ተጽፎ ካልተያዘ በመጨረሻው ስብሰባ ላይ የሚመልሳቸው ሰው አይገኝም።

ጣታችንን ወደ ውጭ ብቻ ብንቀስር ግን ግማሹን እውነት ብቻ መናገራችን ነው። የውሎ አበል ያለበትን ስብሰባ እየመረጠ የሚሄድ፣ አበል በሌለበት የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የማይታይ ተወካይ ከመካከላችን የወጣ ነው። በአንድ ሳምንት በሦስት ፕሮጀክቶች ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ የአንዱንም ውሳኔ ለመረጡት ሰዎች የማይገልጽ ሊቀመንበር የሕዝቡን ወንበር ለግል ጥቅሙ አውሎታል። ሒሳቡን በወቅቱ የማያስመረምር፣ የአባላቱን መዝገብ በሥርዓት የማይዝ ማኅበር ደግሞ «ገንዘቡን በቀጥታ ለእኛ ስጡን» ብሎ ለመጠየቅ አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም። መብት የሚከበረው ከኃላፊነት ጋር ነው። ለጋሹን ግልጽ ሁን ለማለት ራስን ግልጽ ማድረግ ይቀድማል።

የዚህ ምድር ሕዝብ መብቱን በኅብረት የመጠየቅ ታሪክ አለው። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ጭሰኛ ገበሬዎች የባለርስቶችን የምርት ድርሻ ጥያቄ ተቃውመው በሚቺሌ ሲነሡ የረዳቸው ለጋሽ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራት፣ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሲቋቋሙም የቀበሌ አዳራሽ የተራው ሰው ድምፅ የሚሰማበት ስፍራ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ሥርዓቶች ተለዋውጠዋል፤ የማኅበራቱም ቅርጽ ተለውጧል። የተራው ሰው በገዛ ጉዳዩ ላይ የመወሰን ጥያቄ ግን ዛሬም ትኩስ ነው።

በመሆኑም ከዓለም ሕዝቦች የሚመጣን የወዳጅነት እጅ የምንገፋበት ምክንያት የለንም። የላብ አደሩን ቡና በገዛ ስሙ ለማስከበር በሺህ የሚቆጠሩ የሩቅ አገር ሰዎች ድምፃቸውን ማሰማታቸውን አንዘነጋም። የምንለው እንግዳው በክብር ይግባ፣ የቤቱን ዕቅድ የሚያወጣው ግን ባለቤቱ ይሁን ነው። የሚቀጥለው ፕሮጀክት ተወካዮች የድጋፍ ደብዳቤ ፍለጋ ወደ ወናጎ ሲመጡ መዝገቡን በእጁ የያዘ፣ ሒሳቡን ያስመረመረ፣ ጥያቄውን በጽሑፍ ያዘጋጀ ማኅበር ሊቀበላቸው ይገባል። ይህን ለማድረግ የማንም በጀት እስኪፈቀድ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በዚህ ወር በሚደረገው የቀበሌና የማኅበር ስብሰባ ላይ አጀንዳ ሆኖ ሊያዝ ይችላል። ይያዝም!